የእማማ ኖራ ሁለት አንጓ፦ ከሌዊስቪል እስከ አርሊንግተን

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ሌዊስቪል

ሰይድ ቫኑን አፓርታማዬ ደጃፍ አቁሞ ክላክስ ሲያደርግ ሰማዩ ገና መቅላት መጀመሩ ነበር። በመስኮት ብቅ ብዬ «ዝም በል፣ ሰው ተኝቷል!» ስለው ጭራሽ ደገመው። ሰይድ የአክስቴ ልጅ ባል ነው፤ የደሴ ልጅ፣ ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሹፌር፣ ጨዋታ ወዳድ። እኔ ለአዲስ አንባቢዎቼ ዘይነባ እባላለሁ። አዛውንቶችን ቤታቸው ሄጄ እንከባከባለሁ። ቴክሳስ ዘጠኝ ዓመት ኖሬም ሃይዌይ ላይ መንዳት እፈራለሁ። መንጃ ፈቃዱም መኪናውም አለ፤ የጠፋው ወኔው ነው። በውስጥ ለውስጥ መንገድ እየተሽሎኮሎክሁ የሃያ ደቂቃውን ጉዞ የአንድ ሰዓት አደርገዋለሁ። የዛሬው ጉዳይ ግን ለእንዲህ ዓይነት ቀልድ የሚመች ስላልሆነ ሰይድን ለምኜ አስነሳሁት።

ጉዞው በኪሎ ሜትር ከተለካ የሚያስወራ አይደለም። ከሌዊስቪል ዳላስ፣ ከዳላስ አርሊንግተን፣ ከዚያ ወደ ቤት። አገር ያቋረጠ ሰው ቢያነበው ይስቅብኛል። ይሳቅ። እኔ ልቤ እንዲህ ተንጠልጥሎ የሄድኩበት ሌላ መንገድ ትዝ አይለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከምንከባከባቸው ሰዎች አንዷ እማማ ኖራ ይባላሉ፤ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። የተወለዱት አየርላንድ፣ በምዕራቡ ባሕር ዳርቻ ነው። ባላቸው የአውሮፕላን መሐንዲስ ስለነበሩ ከአርባ ዓመት በፊት ወደዚህ መጡ፤ ባላቸው ሲሞቱ እሳቸው እዚሁ ቀሩ። በአገራቸው የቆየ የሴቶች ዘፈን አለ። መሣሪያ የለው፣ ከበሮ የለው፤ በገዛ ቋንቋቸው፣ ዓይን ጨፍኖ፣ በባዶ ድምፅ ብቻ የሚዘፈን። አሁን ከዚያ ባሕር ዳርቻ የሆኑ ስድስት ሴቶች ተባብረው አንድ አልበም እየሠሩ ነው። እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከዘፈኑ በኋላ፣ በመጨረሻ አንድ ሰባት አንጓ ያለው ረጅም ዘፈን እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ። አምስቱ አንድ አንድ አንጓቸውን ዘፍነው ጨርሰዋል። የቀሩት እማማ ኖራ ናቸው። የመጨረሻዎቹን ሁለት አንጓዎች በሕይወት ካሉት ሰዎች እሳቸው ብቻ ናቸው የሚያውቋቸው፤ ከእናታቸው አፍ ነው የለቀሟቸው።

ችግሩ፣ እህታቸው ሜይ ከሞቱ ወዲህ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ እማማ ኖራ አንድ ዘፈን ጀምረው ጨርሰው አያውቁም። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይከዳቸዋል። ቃሉን ብቻ ልናገረው ቢሉም አይመጣላቸውም፤ ቃሉ ከዜማው ጋር ተሰፍቷል። አልበሙን የምታሰባስበው ክሌር የምትባል ሴት ለዚህ ብላ ከአየርላንድ መጥታ ሰነበተች፤ ዛሬ ማታ ትመለሳለች። ዛሬ ካልሆነ ዘፈኑ አምስተኛው አንጓ ላይ ተቆርጦ ይወጣል። የቀረው ከእማማ ኖራ ጋር ይቀበራል። እንዲህ ብለው የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ ሾርባ እየጠጡ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው።

ከጠዋቱ 12፡40

እማማ ኖራ ሰማያዊ ቀሚሳቸውንና የቤተ ክርስቲያን ጫማቸውን አድርገው በር ላይ ቆመው ነበር። ቦርሳቸው በጉሮሮ ከረሜላ ተሞልቷል።

«እንዴት አደሩ፣ እማማ?» አላቸው ሰይድ በአማርኛ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚላቸው።

«ደና» አሉት። ከአማርኛ የያዟት ይቺን ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በእንግሊዝኛ፣ «ዘይነባ፣ ጥርስ ልነቀል የምሄድ ነው የሚመስለኝ» አሉኝ።

«ጥርሱ ከወጣ በኋላ ይቀልልዎታል» አልኳቸው።

«የኔን ጥርስ ማታ ማታ አንቺ አይደለሽ የምታጥቢው? ምን የሚነቀል ቀረ?»

ሰይድ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት የመኪናውን በር ሁለት ጊዜ ዘጋው።

በሠላሳ አምስት ኢ ሃይዌይ ላይ

ይህ መንገድ ቅዳሜ ጠዋት እንኳ አይተኛም። ግራና ቀኝ ግማሹ አበሻ ሺፍት የሚገባበት መጋዘን፣ መኪና መሸጫ፣ የአልጋ አንሶላ የሚያህል ባንዲራ፣ ነዳጅ ማደያ፣ እንደገና መኪና መሸጫ። ከዚያ መንገድ በመንገድ ላይ ተደራርቦ አራት ፎቅ የሚሆንበት ቦታ ይመጣል። እኔ እዚያ ስደርስ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ዛሬም ጨፈንኩ። ሰይድ በአንድ እጁ እየነዳ በሌላው ቆሎ ይቆረጥማል።

«ዘፈኑ ስለ ምንድን ነው?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቃቸው።

እማማ ኖራ በመስኮት እያዩ ነገሩት። «ወንድሟ አሜሪካ ሄዷል። ሹራብ ልትሠራለት ክር ገዛች። ግን ከተለያዩ ብዙ ዓመት ሆነ። ወፍሯል? ከስቷል? አታውቅም። ልኩ ጠፋት።»

ሰይድ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ «ዋላሂ ይሄማ የእናቴ ታሪክ ነው» አለኝ። «ባለፈው ሸሚዝ ልካልኝ በአንገቴ አልገባ አለ። ማለቴ፣ እሷ ጋ አሁንም የሃያ ዓመት ልጅ ነኝ። ሶ፣ መጨረሻው ምን ሆነ? ጠይቂልኝ እስቲ።»

ጠየቅሁለት። እማማ ኖራ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ገጠሙት።

«መጨረሻው የኔ ድርሻ ነው» አሉ።

ከጠዋቱ 2፡15፣ ዳላስ

ክሌር ከሆቴሏ ደጃፍ የሚያህላትን ሻንጣ በጀርባዋ ተሸክማ ቆማ አገኘናት። አርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሴት ናት። እሷም ከስድስቱ ዘፋኞች አንዷ ነች።

ሰይድ ባዶ ሆድ አይዘፈንም ብሎ ወደ አንድ የአበሻ ቁርስ ቤት ወሰደን። ፉል አስራ ሦስት ዶላር፣ ዳቦ ሲጨመር ሁለት። ፉሉ ግን ፉል ነው፤ ሽንኩርቱ፣ ቃሪያው፣ ዘይቱ ሁሉ በልኩ። ባለቤቷ እማማ ኖራን አየች፣ እኔን አየች፣ ሻርፔን አየችና ጎንበስ ብላ፣ «እናትሽ ናቸው?» አለችኝ።

«ዛሬ አዎ» አልኳት።

አልገረማትም። ለእማማ ኖራ ማር የገባበት ሻይ አመጣችላቸውና ሒሳብ ውስጥ ሳታስገባው ቀረች።

ክሌር ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ አምስቱን አንጓ አሰማችን። ቋንቋውን ከመካከላችን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ሆኖም ሰይድ ዳቦውን እንደያዘ ቀረ። የመጀመሪያዋ ሴት ድምፅ ወፍራምና የተሰነጠቀ ነው፤ ከብት ስትጠራ የኖረች ትመስላለች። ሁለተኛዋ ልጅ ናት፣ ትቸኩላለች። ሦስተኛዋ ራሷ ክሌር ነበረች። አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ትንፋሿን ሳታስቆርጥ ትቀጥላለች። የተቀረጹት በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ቤት እንደሆነ ባይነገረኝ ኖሮ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው የተቀመጡ ነበር የሚመስለኝ።

«ይሄ ነው» አለ ሰይድ፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።» ተርጎምኩት። ክሌር ደብተር አውጥታ ጻፈችው።

አምስተኛው አንጓ አለቀና ስልኩ ዝም አለ። እማማ ኖራ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ጥሩ ዘፍነዋል» አሉ። «እኔ ባልኖርበትም ያምራል።»

«አያምርም» አለች ክሌር። «እጅጌ የሌለው ሹራብ ነው።»

ይህን ያለችው በፈገግታ ነበር፤ ጣቷ ግን ስልኩን ያለ ሥራ ያዞረዋል። ለካ እሷም ፈርታለች።

በሠላሳ ሃይዌይ ላይ፣ ወደ አርሊንግተን

ከዳላስ ስንወጣ ሙቀቱ ገና ካሁኑ አስፋልቱን ማጋል ጀምሯል። የከተማዋ ወንዝ ቦዩ ውስጥ ተጋድሟል፤ ውኃው ጥቂት፣ ጭቃው ብዙ። ክሌር ወደ አርሊንግተን ባቡር ይሄድ እንደሆነ ጠየቀች፤ አይሄድም። ሰይድ «ባቡር? አርሊንግተን?» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ የእግር ኳሱ ስታዲየም እንደተደፋ ገበቴ ከሩቅ ታየ፤ ከጎኑ ልጆች ገንዘብ ከፍለው የሚጮሁበት የመዝናኛ ባቡር ሐዲድ ሰማይ ላይ ተጠማዟል።

ድንገት ሰይድ መውጫውን አለፈው።

«ኤግዚቱን ሚስ አደረግከው!» አልኩት።

«ዝም በይ፣ አውቃለሁ» አለኝ ሹክ ብሎ። «እያንጎራጎሩ እኮ ነው።»

ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። እውነት ነው። እማማ ኖራ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው፣ በአፍንጫቸው፣ ዝንብ በምታህል ድምፅ ያንጎራጉራሉ። ሰይድ ሆን ብሎ አንድ ሌላ መውጫ አሳለፈ። አላህ ይስጠው፣ እንዲህ ሲሆን እወደዋለሁ።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ አርሊንግተን

የእማማ ኖራ ድርሻ የሚቀረጽበት ስቱዲዮ የዴል ቤት ነው። ዴል ጋራዡን በስፖንጅ ለብጦ ድምፅ መቅጃ ያደረገ፣ ረጅም፣ ባለ ቡትስ የቴክሳስ ሰው ነው። እማማ ኖራን ባርኔጣውን አንስቶ ተቀበላቸው። እኔንና ሰይድን ደግሞ በትሕትና አስጠነቀቀን፤ በቀረጻ ሰዓት ትንፋሽ እንኳ ይሰማል፣ ወንበር እንዳይንቋቋ፣ ስልክ እንዳይጮኽ። ሰይድ ስልኩ አዛን እንዳያሰማ ጭራሹን አጠፋው። እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ቃል ገባሁ።

እማማ ኖራ ከመስታወት ጀርባ ትንሽ ክፍል ውስጥ ገቡ። ጆሮ ማዳመጫ አጠለቁላቸው። ዴል በጣቱ ምልክት ሰጠ። እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው የመጀመሪያውን ስንኝ ዘፈኑ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ሦስት ዓመት ገላቸውን ያጠብኩ፣ መድኃኒታቸውን የሰጠሁ ሰው ነኝ፤ ይህ ድምፅ ግን እሳቸው ውስጥ እንዳለ አላውቅም ነበር። ቀጭን ነው፣ ግን ጠንካራ፤ እንደ ጅማት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ተቆረጠ። ዓይናቸውን ገልጠው «ይቅርታ» አሉ።

ዴል «ችግር የለም፣ ማዳም» አላቸው። እንደገና ጀመሩ። እዚያው ቦታ ተቆረጠ። ሦስተኛ። አራተኛ። ውኃ ጠጡ፣ ከረሜላ ጎረሱ። እንዲህ እያልን ቀትር አለፈ። ክሌር ሰዓቷን በስርቆት ታያለች፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኤርፖርት መሆን አለባት።

በመጨረሻ ክሌር ከዚያች ጠባብ ክፍል አውጥታ ሳሎን ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። ማይክራፎኑን ፊታቸው አቆሙት። እሷም ከጎናቸው ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች። በአገራቸው ወግ አለ፤ ዘፋኝ ሲዘፍን አጠገቡ ያለ ሰው እጁን ይዞ ክር እንደሚያጠነጥን ቀስ እያለ ያዞርለታል። እኔና ሰይድ ማዶ ሶፋው ላይ ሐውልት መስለን ተቀመጥን።

የመጀመሪያው ስንኝ አማረ። ሁለተኛው ላይ ድምፃቸው ዛለ፤ መንገድ መሃል እግር እንደሚከዳው ሰው። ዓይናቸው ተገለጠ። ያን ጊዜ ያየሁት ፊት ልጅ ገበያ ላይ እናቱን ሲያጣ ያለው ፊት ነው።

እዚህ ላይ ራሴን ልከላከል። እኔ ያደግሁት መንዙማ በሚወጣበት ቤት ነው። በኛ ዘንድ አውጪ አለ፣ ተቀባይ አለ። አውጪው ሲደክም ተቀባዩ ያነሳዋል፤ አውጪን ብቻውን መተው ሰላምታ እንደመንሳት ነው። እንደ ግድግዳ ዝም ብላ የተቀመጠች ሴት ካለች «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» ትባላለች። ቃል መግባቴን አልረሳሁም። አፌ ነው የረሳው።

«እሰይ!» አልኩ ጮክ ብዬ፤ ጉልበቴንም በመዳፌ መታሁ። «እሰይ የኔ እናት!»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ሰይድ ጎኔን ቆነጠጠኝ። ዴል ማዳመጫውን አውልቆ በሩ ላይ ብቅ አለ። «ማን ነው?» አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ስምንት ዓመት የጠበቀ ዘፈን በኔ አፍ ተበላሸ አልኩ።

እማማ ኖራ ግን ዴልን አላዩትም። እኔን ነበር የሚያዩት።

«ምን አልሽኝ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ። በኛ አገር...»

«ይቅርታሽን አልፈልግም። ያልሽውን ድገሚልኝ።»

«እሰይ» አልኳቸው በቀጭን ድምፅ።

ወደ ክሌር ዞሩ። «በልጅነታችን ጥግ ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች እንዲህ ይሉን አልነበር? በየስንኙ?»

ክሌር ፊቷ በአንድ ጊዜ ቀላ። «ይላሉ እንጂ» አለች። «ከስቱዲዮ ብዛት እኔም ረሳሁት።»

ከዚያ እማማ ኖራ ለእኔ ነገሩኝ። ሠላሳ ዓመት ያህል በየእሑዱ ከሜይ ጋር በስልክ ሲዘፍኑ ነበር። አንዷ ትዘፍናለች፣ ሌላዋ በየስንኙ መሃል አንዲት ቃል ጣል ታደርጋለች፤ ቃሏ ካልተሰማች መስመሩ ተቋርጧል ማለት ነው። ያን ጊዜ ስልኩን ዘግተው እንደገና ይደውላሉ።

«ሜይ ከሞተች በኋላ ስዘፍን፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ ዝም ይላል» አሉ። «መስመሩ የተቋረጠ ይመስለኛል። ሰው የሌለበት ስልክ ላይ እንዴት ልዝፈን?»

ከዚያ እማማ ኖራ አጠገባቸው ያለውን ወንበር በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። «ነይ እዚህ። አንተም ና፣ ሹፌሩ።»

ዴል ራሱን አከከ። «ድምፃችሁ ከሳቸው ድምፅ ጋር ይቀረጻል» አለ። «በኋላ ነጥዬ ላወጣው አልችልም።»

«አታውጣው» አለች ክሌር።

ከቀኑ 7 ሰዓት፣ እዚያው

ሁለቱንም አንጓ አንድ ጊዜ ዘፈኑት። አልደገሙትም፣ መድገምም አላስፈለገም።

ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ እኔ «እሰይ» አልኩ፤ አለፉት። ሦስተኛው ላይ ክሌር በቋንቋቸው አንድ ነገር አለች። አራተኛው ላይ ሰይድ፣ ያ ቀልደኛ፣ ከሆዱ «ማሻላህ» አለ። እኔ «አይዞዎት» አልኩ፣ «ጎሽ» አልኩ፣ አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ አልኩ። በየቃላችን ድምፃቸው እየሞላ ሄደ። የክሌርና የሳቸው እጅ ተያይዞ ይዞራል፣ ይዞራል። ሰባተኛው አንጓ ላይ ሲደርሱ ፈገግ ብለው ነበር፤ ዓይናቸው እንደተጨፈነ። ሲጨርሱ በዚያ አገር ልማድ የመጨረሻዎቹን ቃላት እንደ ወሬ ተናገሯቸው፤ ዘፈኑ አለቀ፣ ወደ ቤታችሁ ማለት ነው።

እኔ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። አላፍርበትም። ዴል ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

ሰይድ አላስቻለውም። «ሶ፣ ሹራቡስ?» አለ።

እማማ ኖራ ከረሜላ እየፈቱ መለሱለት። «ሰፊ አድርጋ ሠራችው። ወፍሮ ከሆነ ይበቃዋል፤ ከስቶ ከሆነ ዕድሜ ይሙላበት አለች።»

ሰይድ «አሚን» አለ።

ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ኤርፖርት

ኤርፖርቱ ለሰይድ እንደ ጓሮው ነው፤ የትኛው በር ላይ ፖሊስ እንደማይቆጣ ያውቃል። ክሌር ወርዳ እማማ ኖራን በመስኮት ሳመቻቸው፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ደብተሯን አወጣች።

«ከስድስቱ ዘፋኞች ስም ሥር ያንቺን እጽፋለሁ» አለችኝ። «ምን ብዬ ልጻፍሽ?»

አሰብኩ። ነርስ አይደለሁ፣ ዘፋኝ አይደለሁ። «ተቀባይ በይኝ» አልኳት፤ ምን ማለት እንደሆነም አስረዳኋት።

«እኔስ?» አለ ሰይድ። «ማሻላህ ያልኩት እኮ ሪከርድ ሆኗል!» የሱንም ጻፈች።

ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ሌዊስቪል

እማማ ኖራ ቤት ደጃፍ ስንደርስ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ነበር። ወርጄ በሩን ከፈትኩላቸው፣ ቀበቷቸውን ልፈታ እጄን ስዘረጋ እጄን ያዙኝ።

«አንድ ሌላ አለኝ» አሉ።

«ምን ሌላ?»

«ዘፈን። ክሌር አታውቀውም። ሜይም አታውቀውም፤ እንዳትወስድብኝ ደብቄያት ነው የኖርኩት።» ዓይናቸው እንደ ልጅ ያበራል። «አስራ አንድ አንጓ ነው። ለዚያ ያንቺ ስልክ ይቀዳል?»

«ይቀዳል» አልኳቸው።

ተመልሼ አጠገባቸው ተቀመጥኩና በሩን ዘጋሁ። ሰይድ ውጭውን አየ፤ አስፋልቱ ላይ ሙቀቱ ይንቀለቀላል። ድምፅ እንዳይገባ ሞተሩንም ቀዝቃዛውን አየርም አጠፋ፣ ወንበሩን አዙሮ ተቀመጠ። ላባችን መንጠብጠብ ጀመረ። እማማ ኖራ እጃቸውን ሰጡኝ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እሰይ» አልኳቸው፣ ገና ሳይጀምሩ።